ስለ ትንሿ አይሮፕላን መቆሚያ

ልጆች ሆይ፥ ዛሬ የምጽፍላችሁ ከቀርከሃና ከወረቀት ስለ ተሠራች ስለ አንዲት ትንሽ አይሮፕላን፥ ይልቁንም ስለ ቆመችበት መሬት ነው። ታላቂቱን አይሮፕላን በልክ አሳንሰው በአምሳያዋ የሠሯትን ሰዎች ሞዴል ይሏታል። ሞዴል የሚሠሩ ብዙ ልጆች ክንፉን ካጣበቁና ቀለሙን ከቀቡ በኋላ ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል፤ ስለዚህ በመስኮት ደፍ ወይም በሣጥን ላይ ያኖሯታል። ሌሎች ደግሞ መቆሚያ ያበጁላታል፤ ነገር ግን መሬቱን የሚሠሩት ለዓይን እንዲያምር ብቻ ነው። የእኔ አሳብ ከሁለቱም ይለያል። መቆሚያው የሥራው እኩሌታ ነው፤ የሚሠራውም ስለ ውበት ብቻ ሳይሆን ስለ እውነት ነው እላለሁ። ይህንም የተማርሁት ከአንድ ታናሽ ተማሪ ጥያቄና ከራሴ ጥፋት ነው።

ነገሩን አስቀድሜ በምሳሌ ልግለጠው። አንድ ሰው አንበሳ ሥሎ ከእግሩ በታች የባሕር ውኃ ቢሥልበት፥ አንበሳው ምንም ቢያምር ሥዕሉ ሐሰት ይናገራል፤ አንበሳ በባሕር ውስጥ አይኖርምና። አይሮፕላንም እንደዚሁ ናት። ከመሬት የምትነሣበትና ወደ መሬት የምትመለስበት መንገድ አላት፤ አንዲቱ በጎማ ትሮጣለች፥ አንዲቱ በውኃ ላይ ትንሳፈፋለች፥ አንዲቱም በበረዶ ላይ ትንሸራተታለች። መሬቷን ያላወቀ ሰው እርሷንም ገና አላወቃትም።

እኛ የሠራናት ሞዴል የሁለቱ ወንድማማቾች፥ የዊልበር ራይትና የኦርቪል ራይት አይሮፕላን ናት። እነርሱ በአሜሪካ አገር፥ በኦሃዮ ግዛት፥ በዴይተን ከተማ ቢስክሌት እየሠሩ የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ፤ አባታቸው ሚልተን ራይትም የቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ነበረ። በፈረንጆች አቈጣጠር ዲሴምበር 17 ቀን 1903 ዓመት፥ በሰሜን ካሮላይና ባሕር ዳር፥ ኪቲ ሆክ ከሚባለው መንደር አጠገብ፥ በአሸዋ ኮረብታ ግርጌ አይሮፕላናቸውን አበረሩ። ያን ቦታ የመረጡት ነፋሱ ብርቱ፥ አሸዋውም ለሚወድቅ ሰው ለስላሳ ስለ ሆነ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ኦርቪል በታችኛው ክንፍ ላይ በሆዱ ተኝቶ ነዳት፤ 12 ሰኮንድ በአየር ቆይታ 36 ሜትር ተኩል ያህል ሄደች። በዚያው ቀን በአራተኛው ጊዜ ዊልበር ሲነዳት 59 ሰኮንድ ቆየች፤ 260 ሜትር ያህልም ሄደች። ከዚህ በኋላ በመሬት ቆማ ሳለች ብርቱ ነፋስ ገልብጦ ሰባበራት፤ ዳግመኛም አልበረረችም። ነገር ግን ተጠግና ከ1948 ዓመት ጀምሮ በዋሽንግተን ከተማ በሙዚየም ትታያለች።

እንግዲህ የእኛን ሥራ ልንገራችሁ። የታላቂቱ ክንፍ ከእንጨትና ካልነጣ አቡጀዲ የተሠራ ነበረ። እኛ ግን የክንፏን አጥንት ከተሰነጠቀ ቀርከሃ አደረግን፤ ስስ ወረቀትም አለበስናት፤ በሽቦዎቹም ፈንታ ጥቍር ክር ወጠርን። ተማሪዎቹ ብዙ ሳምንት ደከሙባት። ወላጆች የተማሪዎችን የእጅ ሥራ ሊያዩ የሚመጡበት ቀን በቀረበ ጊዜ ግን መቆሚያ አልነበራትም። እኔም ያን አገር የሚያሳይ አንድ ሥዕል አስቀድሜ አይቼ ነበርና፥ በሥዕሉ ኮረብታው ለምለም ሣር ለብሶ ስለ ታየኝ፥ ሌላ ምንም ሳልመረምር፥ «ሣር አልብሱት» አልኋቸው። እነርሱም ሰጋቱራ በአረንጓዴ ቀለም ነክረው፥ አድርቀው፥ በሣንቃው ላይ በዱቄት ሙጫ አጣበቁት። ከቅርንጫፍ ጫፍ እየቈረጡም በዙሪያው ትንንሽ ዛፎች ተከሉ። ሁሉም እጅግ አማረና ደስ አለን።

በዚያን ጊዜ ከተማሪዎች ሁሉ ታናሽ የሆነ፥ ፊደል ጨርሶ ማንበብ ገና የጀመረ አንድ ልጅ ወደ ገበታው ቀርቦ፥ ጐንበስ ብሎ ከክንፉ በታች ብዙ ተመለከተ። ከዚህም በኋላ፥ «መምህር፥ ይህች አይሮፕላን ጎማ የላትም፤ በዚህ ሁሉ ሣር ላይ እንዴት ሮጠች?» ብሎ ጠየቀኝ። ሌሎቹ ሳቁበት። እኔ ነገሩን አላውቀውም ነበር። ተማሪዎች ሁሉ ዓይን ዓይኔን ሲያዩኝ ግን አላውቅም ማለት አፈርሁና፥ ድምፄን ከፍ አድርጌ፥ «በሣሩ ላይ በሆዷ ተንሸራትታ ተነሣች፤ አንተ ገና ታናሽ ነህና ስታድግ ታውቀዋለህ» አልሁት። ተማሪዎቹም ይህን ቃል በደብተራቸው ጻፉት። ታናሹ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ወደ መቀመጫው ተመለሰ።

ማታ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ተነሥቼ መብራት አበራሁና ስለ ሁለቱ ወንድማማቾች የሚናገር መጽሐፍ ገለጥሁ። በውስጡ አይሮፕላኒቱ ከመሬት በተነሣችበት ቅጽበት የተነሣ ፎቶግራፍ አገኘሁ። ፎቶግራፉን ያነሣው ጆን ዳኒየልስ የሚባል ሰው ነው፤ እርሱም ከዚያ በፊት በፎቶግራፍ መኪና ሠርቶ አያውቅም ነበር። በዚያ ሥዕል ላይ ሣር የለም፤ ዛፍም የለም። ምድሩ ሁሉ አሸዋ ነው፤ በአሸዋውም ላይ የሰው ኮቴ ይታያል። በመካከሉ አንድ ረጅም ሐዲድ ተዘርግቷል። ርዝመቱ 18 ሜትር ያህል ነበረ፤ የተሠራውም ከእንጨት ሆኖ በላዩ ስስ ብረት ተለብጦበታል። አይሮፕላኒቱ በዚህ ሐዲድ ላይ በምትንከባለል ትንሽ ጋሪ ተቀምጣ ነበረ፤ የጋሪዋ ሁለት ጎማዎችም ከቢስክሌት ዕቃ የተሠሩ ነበሩ። ስትነሣ ጋሪዋን በመሬት ትታ ትሄዳለች።

እንኪያስ ታናሹ ልጅ እውነቱን ነበረ። ጎማ የሌላት አይሮፕላን በሣር ላይ ልትሮጥ አትችልም፤ ልጁም በዓይኑ አይቶ፥ በልቡ መዝኖ የጐደለውን ነገር አገኘ። እኔ ግን ጥያቄውን በሐሰት ዘጋሁበት፤ በጓደኞቹም ፊት ሞኝ አስመሰልሁት።

ደግሞ ሣሩ ከወዴት እንደ መጣ አነበብሁ። ወንድማማቾቹ በነበሩበት ዘመን ያ ኮረብታ ነፋስ ከቦታ ወደ ቦታ የሚያንቀሳቅሰው ራቁት አሸዋ ነበረ። ከብዙ ዓመት በኋላ በላዩ የመታሰቢያ ሐውልት ሊያቆሙ በፈለጉ ጊዜ፥ አሸዋው እንዳይሸሽ ሣር ተከሉበት፤ ሐውልቱም በ1932 ዓመት ተመረቀ። ስለዚህ እኔ ያየሁት ሥዕል ሐሰት አልነበረም፤ የሌላ ዘመን ሥዕል ነበረ እንጂ። ከዚህ የምንማረው፥ ስለ አንድ ቦታ እውነቱን ለመናገር የሚወድ ሰው «ወዴት ነው?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «መቼ ነው?» ብሎም መጠየቅ እንዲገባው ነው።

በማግሥቱ፥ ወላጆች በሚመጡበት ቀን ጧት፥ ተማሪዎቹን ሰበሰብሁና፥ «ትናንት የነገርኋችሁ ሐሰት ነው። አላውቀውም ነበር፤ አላውቅም ማለትም አፍሬ ካፌ እንደ መጣልኝ ተናገርሁ። የጻፋችሁትን ሠርዙት» አልኋቸው። ታናሹንም ልጅ በሁሉ ፊት ጠርቼ፥ «ልጄ፥ ጥያቄህ ትክክል ነበረ፤ ይቅር በለኝ» አልሁት። ፎቶግራፉንም አሳየኋቸው። ያን ጊዜ ሰጋቱራውን ቀለም የነከረው ትልቁ ተማሪ ተነሥቶ፥ «መምህር፥ ወላጆቻችን ይህን ነገር አያውቁም፤ ሣሩም እጅግ ያምራል። ዛሬ ይቆይና እነርሱ ከሄዱ በኋላ እናፍርሰው» ብሎ ለመነኝ።

የደከመበት ሥራ ሊፈርስ ነውና አዘንሁለት። ነገር ግን እንዲህ ብዬ መለስሁለት፤ «ልጄ፥ የሚያውቅን ሰው ማታለል አስቸጋሪ ነው፤ የማያውቀውን ማታለል ግን ቀላል ነው። ስለዚህ አብልጠን ልንጠነቀቅለት የሚገባን የማያውቀውን ነው። አባትህ ዛሬ ይህን አይቶ ቢሄድ፥ ለጎረቤቱ እንዲሁ ይነግረዋል፤ ጎረቤቱም ለልጆቹ ይነግራቸዋል። እኛ ማታ ሣሩን ብንፍቀው ከእነርሱ ልብ ማን ይፍቀዋል?» ልጁ ጥቂት ዝም አለ። ከዚያም ቢላዋውን አንሥቶ መፋቅ የጀመረ እርሱ ራሱ ነበረ።

ወላጆች በመጡ ጊዜ መቆሚያው አላለቀም ነበር። ሣንቃው ተፍቆ ገና እርጥብ ሆኖ ይታይ ነበር። ስለ ምን እንደ ፈረሰ ለሁሉ ነገርሁ። አንዳንዶቹ፥ «ያላለቀ ሥራ ሊያሳዩን ነውን የጠሩን?» ብለው አጉረመረሙ፤ እኔም አፈርሁ። ነገር ግን ይህ እፍረት ከፊተኛው ሌሊት እፍረት ይልቅ ቀለለኝ።

ከዚያ በኋላ መሬቱን እንደ ገና ሠራን፤ እናንተም ስትሠሩ እንዲጠቅማችሁ እንዴት እንዳደረግነው እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ልኩን አሰብን። አይሮፕላኒቱን ስንሠራ ለአንድ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር አድርገን፥ ማለት ሁሉን 50 ጊዜ አሳንሰን ነበር። የታላቂቱ ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 12 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የእኛይቱ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆነ። መሬቱን ግን ያለ ልክ ነበረ የሠራነው፤ የተከልናቸው ዛፎች 3 ሳንቲ ሜትር ስለ ነበሩ፥ በዚህ ልክ ከሰው ቁመት የሚያንሱ ነበሩ። አሁን ግን ሐዲዱን 37 ሳንቲ ሜትር፥ ሰዎቹንም 3 ሳንቲ ሜትር ተኩል አደረግን።

ሁለተኛ፥ ሣንቃው በእርጥበት እንዳይጣመም ከበታቹ ሁለት አግዳሚ እንጨት ቸነከርንበት። ቀጥሎም አሮጌ ወረቀት ቀድደን፥ በውኃ ዘፍዝፈን፥ ከዱቄት ሙጫ ጋር አቦካነውና በሣንቃው ላይ በስሱ ቀባነው፤ ወፍራም ሆኖ የተለሰነ እንደ ሆነ ሲደርቅ ይሰነጠቃልና። እስኪደርቅም ብዙ ቀን በጥላ አቆየነው፤ የቸኰለ ሰው በዚህ ላይ ሥራውን ያበላሻል።

ሦስተኛ፥ አሸዋ ከወንዝ አመጣን። በዚህ ጊዜ አንዲት ተማሪ መልካም ነገር አስተዋለች፤ «ይህ አሸዋ ከሆነ በትንሿ አይሮፕላን አጠገብ ጠጠር ይመስላል» አለች። በእውነትም አንዲት የ1 ሚሊ ሜትር አሸዋ በእኛ ልክ 5 ሳንቲ ሜትር ያላት ድንጋይ ትሆናለች። ስለዚህ አሸዋውን በወንፊት ነፋነው፤ ዳግመኛም በስስ ሻሽ አጠለልነው፤ እንደ ዱቄት የደቀቀውንም ብቻ በሙጫው ላይ በተንነው። ልብ አድርጉ፤ አሸዋን በእውነት ለማሳየት አሸዋ ማምጣት ብቻ አልበቃም፤ ማሰብም አስፈለገ።

አራተኛ፥ ሐዲዱን ከቀጭን እንጨት ሠርተን በላዩ የቆርቆሮ ቁራጭ ለበጥንበት። አይሮፕላኒቱንም በጋሪዋ አስቀመጥናት፤ ጋሪዋ አንዲት ሐዲድ ላይ ስለ ሆነች ወደ ጐን እንዳትወድቅ፥ በፎቶግራፉ እንዳየነው፥ ከቀኝ ክንፏ በታች ትንሽ አግዳሚ ወንበር አኖርንላት። አካፋም ሠራን፤ ሞተሩን ለማስነሣት ያገለግል የነበረውን የባትሪ ሣጥንም ሠራን። በዚያ ቀን ብርዱ ጽኑ ስለ ነበረ በሰፈራቸው ዙሪያ ያቆረ የዝናብ ውኃ በረዶ ሠርቶ ነበር፤ ይህንም ለማሳየት በመቆሚያው ዳር አንዲት ጐድጓዳ ቦታ ላይ የሻማ ሰም አቅልጠን አፈሰስን። ታናሹም ልጅ የስንጥር ጫፍ ይዞ ሙጫው ሳይደርቅ በአሸዋው ላይ የሰዎቹን ኮቴ አንድ በአንድ አተመ።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ተገለጠልን። መሬቱ ሣር በነበረ ጊዜ በላዩ የሚታየው አይሮፕላን ብቻ ነበረ። አሁን ግን ሰዎች መጡ። በዚያ ቀን ወንድማማቾቹ ብቻቸውን አልነበሩም፤ አምስት የዚያ አገር ሰዎች አብረዋቸው ነበሩ። ከእነርሱም ሦስቱ በባሕር አደጋ ላይ የወደቁትን የሚያድኑ ጠባቂዎች ነበሩ፤ አንዱም ጆኒ ሙር የሚባል ጎረምሳ ነበረ። ነፋሱ አይሮፕላኒቱን ሲገለብጣት ፎቶግራፍ ያነሣው ዳኒየልስ ሊይዛት ሲል አብሯት ተንከባሎ ተጐዳ። ሞተሩን የሠራው ቻርልስ ቴይለርም በዴይተን ከተማ በሥራ ቤቱ ቀርቶ ነበር። ስለሚበርረው ሰው ሁሉም ይናገራል፤ ሐዲድ የዘረጋውን፥ ክንፍ የደገፈውን፥ አካፋ የያዘውን ግን የሚያስበው ጥቂት ነው። እርሱን የሚያስታውሰው መሬቱ ነው። አንድ ሰው ከፍ ባለ ጊዜ ሁሉ ከበታቹ የብዙ ሰዎች ኮቴ አለ።

ሥራው ካለቀ በኋላ ሁለት ገመድ ቈረጥን፤ አንዱ 73 ሳንቲ ሜትር ሲሆን በእኛ ልክ የመጀመሪያው በረራ ነው። ሁለተኛው 5 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ሲሆን አራተኛው በረራ ነው፤ ይህም በክፍላችን ወለል ላይ ሲዘረጋ ከሰሌዳው ሥር እስከ በሩ ደረሰ። ተማሪዎቹ የአንድ ቀን ትጋት ምን ያህል እንደሚያራምድ በእግራቸው እየለኩ አወቁት። መሬቱን በልክ ባንሠራው ኖሮ ይህን ማወቅ ባልቻልንም ነበር።

ምናልባት አንድ ሰው፥ «ይህ የልጆች ጨዋታ ነው፤ በጨዋታ ላይ ስለ ሣርና ስለ አሸዋ ይህን ያህል መጨነቅ ምን ይጠቅማል?» ይል ይሆናል። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ፤ ልጅ በእጁ የሠራውን ነገር በጆሮው ከሰማው ይልቅ አብዝቶ ያምነዋል፤ ረጅም ዘመንም ያስበዋል። በአፍ የተነገረ ሐሰት ቢረሳ፥ በእጅ የተሠራ ሐሰት በመደርደሪያ ላይ ቆሞ ለሚያልፍ ሁሉ ይናገራል። ደግሞም በትንሽ ነገር እውነትን የለመደ እጅ፥ ካደገ በኋላ ቤት ሲሠራ፥ ሚዛን ሲይዝ፥ ደብዳቤ ሲጽፍ ያንኑ ልማድ ይከተላል።

አሁን ተማሪዎቻችን ሌላ ሞዴል ሊሠሩ ያስባሉ፤ እርሷም ፀሐይ የምትባለው አይሮፕላን ናት። ፀሐይ በ1935 ዓመት ሉድዊግ ዌበር በሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ መሪነት በአዲስ አበባ የተሠራች ናት፤ ስሟም የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ የልዕልት ፀሐይ ስም ነው። በጦርነቱ ጊዜ ኢጣልያኖች ወሰዷት፤ ብዙ ዘመንም በኢጣልያ አገር፥ በብራቻኖ ሐይቅ አጠገብ ባለው የአየር ኃይል ሙዚየም ቆማ ኖረች። በ2024 ዓመት ጃኑዋሪ ወር ግን ወደ አገሯ ተመለሰች። ተማሪዎቹ «መቆሚያዋን ምን እናድርገው?» ብለው በጠየቁኝ ጊዜ፥ ወዲያው አልመለስሁላቸውም፤ «የትኛውን ቀኗን ልታሳዩ ትወዳላችሁ?» አልኋቸው። የተሠራችበትን ቀን ቢመርጡ የአዲስ አበባ መሬት ያስፈልጋታል፤ የስደቷን ዘመን ቢመርጡ የሙዚየም ወለል ያስፈልጋታል። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለቱን መቀላቀል ግን ሐሰት ነው። እነርሱም አሁን ፎቶግራፍ እየፈለጉና አዋቂ እየጠየቁ ናቸው፤ ሙጫም ገና አላቦኩም። ይህ ደስ ያሰኘኛል።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፥ ሞዴል ስትሠሩ ከክንፉ አስቀድማችሁ ስለ መሬቱ ጠይቁ። «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ይባላልና፥ የሚጠይቀውን ጓደኛችሁን አትሳቁበት፤ ሁላችሁ ያላያችሁትን እርሱ አይቶ ይሆናል። የተጠየቃችሁትን ባታውቁ፥ «አላውቅም፤ ነገር ግን እፈልገዋለሁ» በሉ፤ ይህን ቃል መናገር መምህርን እንኳ አያዋርድም። ከተሳሳታችሁም እያማረም ቢሆን አፍርሱት፤ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንደ ተባለ፥ ዛሬ እናንተ ያላፈረሳችሁትን ሐሰት ነገ ሌላ ሰው ያፈርሰዋል።

ያች ትንሽ አይሮፕላን እስከ ዛሬ በክፍላችን መስኮት አጠገብ በአሸዋዋ ላይ ቆማለች። በመቆሚያው ጥግ ከአሸዋው በታች ጥቂት አረንጓዴ ሰጋቱራ ሳይፋቅ ቀርቶ ይታያል። ተማሪዎቹ ሊሸፍኑት ፈልገው ነበር፤ እኔ ግን ተዉት አልኋቸው፤ አላውቅም ማለትን ባፈርሁ ጊዜ እያየሁት እንዳስታውስ ነው።